ጂ ላይ ብቻ የሚያብደው ቤዝ

«ወንድሜ፣ ከቃና ወጥተሃል።»

ይህን ያለኝ ኪቦርዲስታችን ነው። በሠርግ መሀል፣ ዳሱ በእስክስታ እየተናጠ፣ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ። የቤዝ ጊታሬን ክር ቃኘሁ። ቃና የሚለካልኝ ቱነር አረንጓዴ አበራልኝ፤ ልክ ነህ ማለት ነው። ዘፈኑ ቀጠለ። ዘፋኟ ዞር ብላ ገላመጠችኝ። እንደገና ቃኘሁ፤ እንደገና አረንጓዴ። ጆሮዬ ግን ከእነሱ ጋር ተስማማ፤ የሆነ ነገር ተንጋዷል። ቱነሩ ልክ፣ ጣቴ ልክ፣ ድምፁ ስህተት።

ነገሩ ተጣርቶ እስኪገኝ አምስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። «ዕቃዬ ኖይዝ አለው፣ ምን ላድርግ» እያለ የሚደውልልኝ ቤዚስት ስለበዛ፣ ለእያንዳንዱ ይቺኑ ታሪክ ስደግም ሰለቸኝና አንዴ ልጻፋትና ልገላገል ብዬ ነው። ረዘም ትላለች፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ዕቃው

ቤዜ ባለ አራት ክር ነው፤ ፌንደር 1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጃዝ ቤዝ ቅጂ። ራሱ ፌንደር አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈውን ስም የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አዲስ አበባ ከአንድ ሙዚቀኛ ላይ ያገለገለ ገዛሁት። ባትሪ የለውም። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሁለት ፒክአፕ አለው፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቮልዩም።

ይህን ዓይነት ቤዝ የያዘ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጠባይ አለ። ሁለቱ ፒክአፖች ሽቦአቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠመ ነው፤ ማግኔታቸውም የተገላበጠ። ስለዚህ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ስትከፍት፣ አንዱ ከአየር ላይ የለቀመውን ኖይዝ ሌላው ያጠፋለታል። አንዱን ዝቅ ካደረግህ እምምም ማለት ይጀምራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አፈጣጠሩ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጥግ ድረስ ከፍቼ ነው የምጫወተው፤ ባሕር ዳር ልምምድ ቤታችን ውስጥ ቤዜ ጭጭ ያለ ነው።

አምፔ (የቤዜ ድምፅ ማጉያ) ባለ 15 ኢንች ኮምቦ ነው፤ ለሁለት ነው የምንሸከመው። ጀርባው ላይ ወደ ሚክሰር የሚሄድ የመስመር ማውጫ አለው። ከማውጫው አጠገብ «ግራውንድ ሊፍት» የምትባል ትንሽ ቁልፍ አለች። ይቺን ቁልፍ ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ሌላም የምትያዝ ነገር አለች። የአምፑ ስፒና ወፍራሙ ነው፤ በግራና በቀኝ የግራውንድ ብረት ያለው። እኛ ሠርግ የምንሠራባቸው ቤቶች የሚዘረጉልን ዲቫይደር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው ነው። አይገባም። ስለዚህ በ40 ብር የገዛኋት ነጭ አዳፕተር ከቦርሳዬ አትጠፋም። በዚህ በኩል ወፍራሙን ትቀበላለች፤ በዚያ በኩል ሁለት ቀጭን እግር ናት። ስንት ሠርግ አድናኛለች። እንዲያ ነበር የሚመስለኝ።

ባንዱ ስድስት ሰው ነው። መኖሪያችን ባሕር ዳር ሆኖ ሥራችን መንገድ ላይ ነው፤ ከመራዊ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው አስፋልት ላይ ሠርግ የማንሠራበት ከተማ የለም። ሞንታርቦውንና ሚክሰሩን የሚያመጣው ሳውንድማን የራሱ ሰው ነው፤ ከእኛ ጋር በቀን ሒሳብ ይሠራል።

ፍኖተ ሰላም

ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የሠርጉ ወር። ዳሱ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። ለመድረኩ መብራት የመጣው በሳሎኑ መስኮት በተጎተተ ዲቫይደር ነው። ሳውንድማኑ ሚክሰሩን የተከለው ደግሞ በር አካባቢ ነው፤ ከሌላ ክፍል ካለ ሶኬት። በመሀል ሃያ ምናምን ሜትር ኬብል ሰው እየረገጠው ተዘርግቷል።

አብዛኛው ዘፈን ደህና ነበር። ኤ፣ ዲ የሚባሉት ኖታዎች ላይ ምንም የለም። ዘፋኟ ጂ ላይ የምታዜማት አንዲት የባቲ ቅኝት ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ። ከወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ቀጭን ብረት) ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ድምፁ መቆም አቃተው። ዋ… ዋ… ዋ… ይላል። ቀስ እያለ ያብጣል፤ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። በሰከንድ አንዴ ያህል። ረዥም ኖታ በያዝኩ ቁጥር ይብስበታል። ፈጣን ስጫወት ይደበቃል።

ማሲንቆ መቺያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ የሞጣ በኩል ሰው። ስለ ፒክአፕ ምንም አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም። ለዕረፍት ስንወርድ ብርሌያቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ያንተ ክር አልላላም።»

«እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሌላ ሰው አብሮህ ይጫወታል።»

ጠጁ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ያጠፋሁት ጊዜና ገንዘብ በሙሉ ይቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ባለመስማቴ ነው። አንዲት የፈረስ ጭራ ክር በጆሮው ብቻ ሲቃኝ ዕድሜውን የፈጀ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ነበረብኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሣ። ይኼኔ የሚገርም ነገር ሆነ፤ ያቺኑ ባቲ ሙሽሮቹ ድገሙልን ሲሉ ብንደግማት ያ ቀስ ያለ ዋ… ዋ… የለም። ኪቦርዲስቱ «አየህ፣ ተስተካከለ!» አለኝ። እኔ ምንም አልነካሁም። ይባስ ብሎ ወንዱ ዘፋኝ ጂ ሻርፕ ላይ የሚዘፍናት ጭፈራ ስትመጣ ቤዙ ወፍሮ ወፍሮ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ሆነ። ድራመሩ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ወፍሬ አላውቅም። ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ያልሠሩት መፍትሔዎች

ባሕር ዳር ተመለስኩና ምርመራ ጀመርኩ። ምርመራ ስል፣ የመጣልኝን ሁሉ መነካካት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክሩን ነው። ያረጀ ክር ቃና አይዝም። የቤዝ ክር ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስለዚህ አዲስ ከመግዛቴ በፊት አሮጌውን ቀቀልኩት። አዎ፣ መቀቀል። ላብና ቆሻሻ ከጥምጥሙ ውስጥ ሲወጣለት ክሩ ለጥቂት ቀን አዲስ ይመስላል፤ የድሀ ቤዚስት ዘዴ ነው። እናቴ ገብታ ድስቷን ከፍታ አየች። ምንም ሳትል ዘጋችው። እስከ ዛሬ ስለዚያ ድስት አላነሣንም።

ቀጥሎ ኢንቶኔሽን። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭኜ የማወጣው ድምፅ እዚያው ላይ በመንካት ብቻ ከሚወጣው ሃርሞኒክ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የተጫንከው ከፍ ካለ ብሪጁ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ብረት) ላይ ያለውን ሳድል ወደ ኋላ ትስባለህ። ሰዓት ሙሉ በዊንች ታገልኩ። ድሮውንም ልክ ነበር።

ከዚያ አየሩን ወቀስኩ። ባሕር ዳር ሙቀት ነው፤ እንጅባራ ላይ ብርድ ነው፤ እንጨቱ ይጎብጣል ብዬ። እውነት ነው፣ አየር ቃና ይቀይራል። ግን ሁሉንም ኖታ ነው የሚቀይረው። ለጂ ብቻ ቂም የያዘ ብርድ የለም።

በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ከፈተው፤ ሳልዳውን አደሰ፤ ውስጡን በመዳብ ወረቀት ለበጠው፤ 1,800 ብር ተቀበለኝ። ሥራው መጥፎ አልነበረም። ያልታመመ ሰው ነው ያከመው እንጂ።

ከዚያም ደብረ ማርቆስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሠራን፤ ድምፁ እንደ መስታወት ጠራ። ጂ ላይ ጣቴን አሳርፌ አራት ምት ጠበቅሁ፤ ንቅንቅ የለም። 1,800 ብሬ ሠራች ብዬ ባለሙያውን ደውዬ አመሰገንኩት። ያኔ ያላስተዋልኩት፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ወፍራሙ መሆኑን ነው። ነጯ አዳፕተር ያን ቀን ከቦርሳዬ አልወጣችም።

ቡሬ፣ ከንፈሬ ላይ

የካቲት ሳይገባ ቡሬ ሠርግ ነበረን። ዳስ፤ በመስኮት የመጣ ዲቫይደር፤ ሩቅ የተተከለ ሚክሰር፤ ነጯ አዳፕተር። ኬብሉ ሚክሰሩ ላይ እንደተሰካ ሞንታርቦው እምምምም አለ። ገና ማንም ሳይጫወት።

ሳውንድማኑ ጊዜ አላጠፋም። መጥቶ አምፔ ጀርባ ጎንበስ አለና ያቺን «ግራውንድ ሊፍት» ተጫናት። ጸጥ! «አለቀ» አለኝ። እውነትም አለቀ። ጂ ላይ ሞከርኩ፣ ንጹሕ ነው። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

እኔ አልፎ አልፎ አዝማች እቀበላለሁ፤ ከፊቴ አንድ ማይክ አለ። በሁለተኛው ዘፈን ለመቀበል ወደ ማይኩ ጠጋ ስል ከንፈሬ የማይኩን ወንፊት ነካ። የሆነ ነገር ነደፈኝ። ንብ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ጣቶቼ ክሩ ላይ ናቸው፤ ሲነድፈኝ ወደ ክንዴ ሁሉ ንዝረቱ ተሰማኝ። እንደገና ቀስ ብዬ ሞከርኩ፤ ከክሩ ላይ እጄን አንሥቼ ማይኩን ስነካው ምንም የለም። ክሩን ይዤ ስነካው ይነድፋል። በሦስተኛው ላይ ጅል አይደለሁም፤ ማይኩን ገፋሁትና ሌሊቱን ሙሉ አልተቀበልኩም። ዘፋኟ «ምን ሆነህ ነው ድምፅህን የደበቅኸው» ብላ ተቆጣችኝ።

ሳውንድማኑ «ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፣ አይገድልም» አለኝ። ይቺን ቃል ሁላችንም ስንላት ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያታለሁ። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሀርቪ 1972 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ ላይ፣ መድረክ ላይ ቆሞ ግራውንድ ያልነበረው ማይክ ነክቶ ነው የሞተው። ይህን ያነበብኩት ከቡሬ በተመለስኩ ሳምንት ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ቪዲዮው

ያን ሌሊት ያደረግሁት ነገር ነው ጉዳዩን የፈታው። ከፍኖተ ሰላሙ ሠርግ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበረኝ፤ ከድራመሩ ዘመድ የተላከ፣ በጣም ረዥም። በኢርፎን ስሰማው በዘፈን መሀል ሰው ዝም ባለበት ቅጽበት ከሥር እምምም የሚል ድምፅ አለ። ሠርጉ ላይ በጫጫታው አልሰማነውም። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ይህ ድምፅ ራሱ ኖታ ይኖረዋል እኮ!

ከላፕቶፑ የኢርፎን ቀዳዳ ኬብል አውጥቼ የእግር ቱነሬ ውስጥ ሰካሁት። ጸጥ ያለችውን ቦታ ደጋግሜ አጫወትኩ። ቱነሩ ትንሽ ዋለለና ቆመ። «ጂ» አለ። መርፌው ግን መሀል ላይ አይደለም፤ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል፣ 35 ሴንት ያህል፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ ሲሶ በላይ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ስጽፈው እጄ ተንቀጠቀጠ። የቤዝ ክሮች ባዶአቸውን ሲመቱ ወፍራሙ ኢ 41.2 ኸርዝ (በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ ይነዝራል ማለት) ነው፣ ኤ 55፣ ዲ 73.4፣ ጂ 98። ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የሚሰጠው ታችኛው ጂ 49 ኸርዝ ነው። ግድግዳችን ውስጥ ያለው መብራት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው።

49 እና 50። ልዩነታቸው አንድ። ሁለት ተቀራራቢ ድምፅ አብሮ ሲሰማ በልዩነታቸው ቁጥር ይወዛወዛል፤ በሰከንድ አንዴ። ዋ… ዋ… ዋ…። ባዶውን ጂ ክር ስመታ ደግሞ የመብራቱ እጥፍ 100 ነው፣ የእኔ 98፤ በሰከንድ ሁለቴ። ኤ ላይ ስጫወት 55 ከ50 ይርቃል፤ መንቀጥቀጡ ፈጣንና ሸካራ ስለሚሆን በከበሮ ውስጥ ይጠፋል። ለዚህ ነው ቤዜ ጂ ላይ ብቻ የሚያብደው። ክሬ አልወጣም። ከእኔ ጋር ሌላ ቤዚስት ነበር፤ አንዲት ኖታ ብቻ የሚያውቅ፣ እሷንም በትንሹ አንሥቶ የሚጫወት።

ጋሼ ትክክል ነበሩ።

ቪዲዮውን ወደ ጄኔሬተሩ ሰዓት አሳለፍኩት። ቱነሩ አሁን «ጂ ሻርፕ» አለ፤ መርፌው ልክ መሀል። ትንንሽ ጄኔሬተሮች ጭነት ሲጨምርባቸው ፍጥነታቸው ስለሚወርድ፣ ጭነት ሳይኖርባቸው ከፍ ተደርገው ነው የሚስተካከሉት፤ 52 ኸርዝ አካባቢ። ጂ ሻርፕ ደግሞ 51.9 ነው። ስለዚህ ያቺ የወንዱ ዘፋኝ ጭፈራ ላይ ድራመሩን አውራ ጣት ያስነሣችው ውፍረት የእኔ ጣት አልነበረችም፤ ጄኔሬተሩ ከእኔ ጋር አብሮ ይመታ ነበር። ይህን ለድራመሩ እስካሁን አልነገርኩትም፤ ካነበበው እዚህ ያነበዋል።

ድምፁ ከየት ነበር የሚገባው?

እዚህ ላይ አንድ ዘመዴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረዳኝ። ሥዕል እየሣለ ነው ያስረዳኝ፤ እኔ በቃል ልሞክር።

አምፕ ውስጥ የሚገባው መብራት ትንሽ ትንሽ ወደ ብረት ገላው ይሾልካል። በአብዛኛው ዕቃ ውስጥ ይህ የታወቀ ነው፤ ኖይዝ ለማጣራት የሚገቡ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፣ ትራንስፎርመሩም ራሱ ያሾልካል። ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም የስፒናው የግራውንድ ብረት ይቀበለውና ወደ መሬት ይሸኘዋል። የእኔ ነጭ አዳፕተር ግን ያንን ብረት ቆርጣዋለች። ሁለት እግር ብቻ ናት፤ ሦስተኛው መንገድ የለም።

የሾለከው መብራት የሚሄድበት ሲያጣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ፍኖተ ሰላም ላይ ያገኘው መንገድ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን ኬብል ነው። የኬብሉ ሽፋን ሚክሰሩ ላይ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፤ ሚክሰሩ በወፍራም ስፒና ስለተሰካ መሬት አለው። የአምፔ ሾልኮሽ ሁሉ በድምፄ ኬብል ሽፋን ላይ ተሳፍሮ ሃያ ሜትር ተጉዞ ሚክሰሩ ጋ ይወርዳል። በዚያው መንገድ 50 ኸርዙን ድምፄ ላይ ይቀባል። ልምምድ ቤት ውስጥ ግን አምፔ ከሚክሰር ጋር ስለማይገናኝ ምንም የለም።

ቡሬ ላይ ሳውንድማኑ ያቺን ቁልፍ ሲጫን የኬብሉን ሽፋን ነው የቆረጠው። እምምታው ጠፋ፤ ትክክል። ግን ለአምፔ የቀረችው አንዲት የመሬት መንገድ እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ አምፔ፣ ቤዜና ክሮቼ አየር ላይ ተንሳፈፉ። በቅርብ የተገኘው መሬት ማይኩ ነው። ከክሩ ወደ ማይኩ የሚያደርሰው ሽቦ ደግሞ እኔ፣ ከጣቴ እስከ ከንፈሬ።

ቁልፏ ጥፋት የለባትም፣ ይህን ልብ በሉ። እሷ የተሠራችው አምፑ በራሱ ስፒና መሬት ላለው ሰው ነው። መሬት ለሌለው አምፕ ስትጫናት ግን ሰውየውን መሬት ታደርገዋለች።

ደምበጫ

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ደምበጫ ሠርግ ተቀበልን። በዋዜማው ደረስን፤ ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት። የሙሽራዋ አጎት አረቄ ይዘው ተቀበሉን። የደምበጫ አረቄ ምን መሆኑን ለማያውቅ ሰው አልነግርም። «ሥራ አለብኝ አባባ፣ ኤሌክትሪክ ነው የምነካው» ብዬ ማታ እንዲቆየኝ ለመንኩ፤ ቅር አላቸው።

መጀመሪያ የድሮውን ወንጀል ደገምኩት። ነጯ አዳፕተር፣ ሊፍቱ ተጭኖ፣ ሚክሰሩ በሌላ ሶኬት። መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት አድርጌ አንዱን ጫፍ ቤዙ ብሪጅ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ወንፊት ላይ፤ 96 ቮልት። ከከተማው የጠራነው ኤሌክትሪሻን ልጅ አላመነም፤ በዚያው ላይ አምፖል አገናኘ፤ አልበራም። «ባዶ ቮልት ነው» አለ። ልክ ነው፣ ጉልበት የለውም፤ በሾልኮሽ የመጣ ስለሆነ ይነድፋል እንጂ አምፖል አያበራም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይህ 96 አይደለም። አምፑ ውስጥ አንድ ቀን ፌዙ (መብራቱን የሚያመጣው ሽቦ) ተላጥቶ ገላውን ቢነካ፣ ያቺው መንገድ፣ በእኔ በኩል፣ ሙሉውን 220 ታመጣለች። ያን ቀን አምፖሉ ይበራል።

ከዚያ ወደ ጥገናው። ቤቱ ሶኬቶቹ ወፍራሞች ናቸው፤ የግራውንድ ብረታቸው ያብረቀርቃል። ልጁ ሲፈታው ግን ከብረቱ ኋላ ሽቦ የለም። ለጌጥ ነው! ስንት ቤት እንዲህ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቧንቧው ሥር ያለው መሬት እርጥብ ስለሆነ እዚያ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፤ ከዘንጉ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ሽቦ ሳበ፤ ለመድረኩ መስመር ደግሞ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ብሬከር አስገባ። የተቀበረ ዘንግ ብቻውን ሾልኮሹን ይወስዳል እንጂ ፌዝ ገላ ቢነካ ተራውን ብሬከር ለማስጣል ብዙ ጊዜ አቅም የለውም። የሚያድነው ያ በ30 የሚቆርጠው ነው። ብሬከሩን የገዛሁት በራሴ ብር ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ፈትቼ ወሰድኩ፤ አሁን በየሠርጉ አብሮኝ ይዞራል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሳውንድማኑን አሳምኜ ሚክሰሩንና አምፑን ከአንድ ሶኬት አስነሣን። ባለ ሦስት ሽቦ ወፍራም ኤክስቴንሽን፣ ጫፍና ጫፉ ወፍራም ስፒና፣ ከማይኮቹ ኬብል ጎን ለጎን ተዘርግቶ። ሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ ክፍል ውስጥ ካለ ሶኬት ሲነሡ የግራውንዳቸው ቮልት ይለያያል፤ ልዩነቱ በድምፅ ኬብል ላይ ይመላለሳል። ሳውንድማኑ በመጀመሪያ «አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» አለኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን ከቱነሩ ጋር አሳየሁት። መርፌው ጂ ላይ ሲቆም አየ። ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ ኬብሉን ራሱ መዘርጋት ጀመረ፤ ይህን አደንቅለታለሁ።

እንደገና ለካሁ፤ ከብሪጅ እስከ ማይክ፣ ዜሮ ነጥብ ምናምን። ሊፍቷን አልነካንም። እምምታው የለም። ትንሽ የቀረች ሹክሹክታ ነበረች፤ እሷን የመብራት መደብዘዣ ያለው የጌጥ አምፖል ነበር የሚያመጣት፤ ወደ ሌላ መስመር ቀየርነው፣ ሄደች።

ወጪውን ለሚጠይቅ፦ ባለሙያው 1,800፣ ክር ለመቀቀል የጋዝ ብርና የእናቴ ትዕግሥት፣ ሳያስፈልግ የተገዛ አንድ አዲስ ኬብል። ያዳነን ዕቃ ሁሉ ተደምሮ ግን ከእነዚህ አነሰ። መልቲሜትሩም የተውሶ ነበር።

እንዳትሳሳቱ፣ ጂ ላይ የሚወዛወዝ ቤዝ ሁሉ መሬት አጥቷል እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ እውነትም ክሩ አርጅቶ ነው። ግን ነገሩ አንድ ኖታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጄኔሬተር ሲነሣ ቦታ የሚቀይር ከሆነ፣ ዕቃህን ከመፍታትህ በፊት ስፒናህን እየው። ክሩን ስትነካ ኖይዙ ከቀነሰ ብዙ አትጨነቅ፣ ሰውነትህ የሚለቅመውን ክሩ እየወሰደልህ ነው። ስትነካ ከጨመረ ግን ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ላይ ሁለቱ ሽቦ ተገላብጦ ይሆናል፤ አስከፍተው። የነደፈህ ቀን ደግሞ፣ ሠርግ ይሁን የንግሥ በዓል፣ ቁም።

ደምበጫ ላይ ያቺ ባቲ መጣች። ወፍራሙ ክር፣ ሦስተኛ ፍሬት። ያዝኩት። አራት ምት፣ ስምንት ምት፣ ድምፁ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሼ ማሲንቆአቸውን እየገዘገዙ በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙና፣ «ያ ሰውዬ ዛሬ የለም» አሉ።

ጠዋት ዕቃ ስንጭን የሙሽራዋ አጎት መጡ። «ልጄ፣ ያቺ ነጭ ነገር ካልፈለግሃት ለስልኬ ቻርጀር ትሁነኝ፤ እሱም ከሶኬቱ ጋር አልስማማ ብሎኛል» አሉኝ። አገላብጬ አየኋት። ቻርጀራቸው ባለ ሁለት እግር ነው፤ ግራውንድ አይፈልግም። ሰጠኋቸው፤ አረቄዬንም ያኔ ጠጣሁ።